ፊቷ በየት በኩል ነው?

ቶራንስ የምትባለው ጎረቤት ከተማ የሄድኩት ለመብራት ነበር። የሳሎናችን የቁም መብራት ከተሰበረ ወራት አልፎታል፤ ባለቤቴ «ዛሬ እገዛለሁ፣ ነገ እገዛለሁ» ሲል ከረመና እኔው አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን አስነስቼ ያርድ ሴል ፍለጋ ወጣሁ። ሰው የቤቱን ዕቃ ደጁ ሣር ላይ ዘርግቶ ሲሸጥ ማየት ነፍሴ ነው።

መብራቱን ወዲያው አገኘሁት። የምትሸጠው ሴት በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ የሟች አባቷን ቤት ባዶ ለማድረግ የምትታገል ነበረች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን ፋብሪካ እንደሠራ፣ አያቷም ከእንግሊዝ አገር እንደመጡ ሳልጠይቃት አጫወተችኝ። መብራቱን ተጋግዘን መኪና ውስጥ ካስገባን በኋላ ወደ ቤት ሮጣ ተመለሰችና አንድ ቡናማ ፖስታ በመስኮት ጭኔ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

«የድሮ ፎቶዎች ናቸው። ልጥላቸው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ውሰጃቸውና፣ መጣል ካለባቸው አንቺ ጣያቸው» አለችኝ።

ፖስታውን የከፈትኩት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የመስኮት መጋረጃ ነበር። ያ ገመዱን ሲስቡት የሚከፈተው፣ ስስ ስስ አግዳሚ የተደረደረበት ዓይነት። ግን መጋረጃው ጎማ አለው። ሜዳ መሀል ቆሟል። ከጎኑ ባርኔጣ ያደረገ፣ ፂሙ እንደ ጦር የሾለ ሰውዬ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ አዲስ እንደገዛው ፈረስ በኩራት ያሳየናል። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በእርሳስ «አውሮፕላን» የሚል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፤ ከቃሉ ቀጥሎ ደግሞ ትልቅ የጥያቄ ምልክት።

የጻፈውም ሰው እርግጠኛ አልነበረም ማለት ነው። ብቻዬን ሳቅኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ የኋላዬ መኪና ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ ሳቅኩ።

ባለቤቴ የኤርፖርት ቫን ነው የሚነዳው። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ እኔ ኢንግልዉድ ካለው ፋርማሲ ሥራዬን ጨርሼ ስገባ እሱ ይተኛል። የምንገናኘው በር ላይ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። የዚያን ቀን ግን ከእንቅልፉ ሲነሳ የምግብ ጠረጴዛው በፎቶ ተሸፍኖ አገኘው። የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ መጥቶ ከላዬ ቆመ።

«መብራቱስ?»

«መብራቱ መጥቷል። ይሄን እይ።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አውሮፕላን ነው።»

«ማነው ያለው?»

«ጀርባው ላይ ተጽፏል።»

ገልብጦ አየና «የጥያቄ ምልክት አለው እኮ» አለኝ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰባት ፎቶ ነበር በጠቅላላው። ሁለተኛው ላይ ያለው ክብ ነው፤ ክንፉ ዙሪያውን የሄደ፣ መሀሉ ባዶ፣ ቁርጥ አይጥ የበላው ሰፌድ። እዚያ ባዶው ውስጥ አንድ ሰው አንገቱ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ሦስተኛው ግን ባለቤቴን ያዘው። ረጃጅም እንጨቶች፣ ጫፋቸው ወደ ላይ የተቆለመመ፤ በአንዱ ጫፍ ትንሽ ክንፍ፣ በሌላው ጫፍ ትልቅ ክንፍና የሚሽከረከር ፕሮፔለር፤ መሀል ላይ ወንበር። ወንበሩ የዞረው ወደ ትንሹ ክንፍ ነው።

አፉ ውስጥ ያለውን የጥርስ ሳሙና ዋጠውና «ይቺ ባክ እያደረገች፣ የኋሊት እየሄደች ነው» አለ። ስሟም «የኋሊት» ሆኖ ቀረ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ እትዬ ምግብ ቤት የምንበላበት ጠረጴዛ አለን። እትዬ የቤቱ ባለቤት ናቸው። ቁጭ ብለው ያስተናግዳሉ እንጂ ቆመው አያስተናግዱም፤ ከእንግዳው ጋር ገበታ ላይ ይቀመጡና ወደ ኩሽና በድምፅ ብቻ ያዝዛሉ። ከእኛ ጋር ሁሌ የሚበሉት ጋሼ ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ድልድይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ኮሪያታውን ሰፈር አንዲት አፓርትማ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ለእኛ ጎረቤትም ዘመድም አይደሉም፤ የእሁድ ሰው ናቸው። በዚያን ሰሞን ዝም ማለት አብዝተው ነበር፤ እትዬም ያንን አይተው ነው መሰለኝ ሁሌ ከአጠገባቸው የሚቀመጡት።

ፖስታውን ይዤ ሄድኩ። ምግቡ እስኪመጣ ብዬ ፎቶዎቹን ስደረድር ጋሼ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ጠረጉት፤ አደረጉት፤ አወለቁት፤ እንደገና ጠረጉት።

«ይሄ ልብስ ማስጫ ነው» አሉ መጋረጃውን አይተው።

«አውሮፕላን ነው ጋሼ።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ መሐንዲስ ነኝ።»

«ጀርባው ላይ እኮ ተጽፏል።»

ገለበጡት። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ ከታች ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣና ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ ፈነዳ። ሲስቁ ካየኋቸው ሰንብቼ ስለነበር እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ለምን እንደምንስቅ ያልገባቸው እትዬም ተከተሉን።

ቀጥሎ የኋሊቷን አወጣሁ። ያን ጊዜ ምግብ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

ጋሼ «ትልቁ ክንፍ ከፊት፣ ትንሹ ጅራት ከኋላ። ይሄ ምን ያጠያይቃል? ወፍ እንኳ ያውቀዋል» አሉ።

«ታዲያ ወንበሩ ለምን ወደ ጅራቱ ዞረ?» አልኳቸው።

«ለፎቶ አዙረውት ይሆናላ።»

ባለቤቴ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ድራይቭ ነው የማደርገው። ሰው ፊቱን ወዳላዞረበት አይነዳም። ሶ ፊቷ ትንሹ ክንፍ ያለበት ነው። ወይ ደግሞ ሰውዬው ባክ እያደረገ ነው የሚበረው።»

«በአየር ላይ ባክ!» አሉ እትዬ። «ኧረ የኛ ሰው ፌርፋክስ ላይ ፓርክ ሲያደርግ እንኳ ባክ ማድረግ አቅቶት ስንት ጊዜ መስኮቴ ጋ ደርሷል!»

ከጎናችን ጠረጴዛ የነበሩት ወጣቶች ፎቶውን ተቀብለው ማየት ጀመሩ። ከእነሱ ወደ በሩ ጋ ወደተቀመጡት ባልና ሚስት ሄደ፤ ባል አንዱን ወገን፣ ሚስት ሌላውን ያዙ። ወጡ ሲመጣ ማንም አላየውም። አንዱ ስልኩ ላይ አጉልቶ ሲያሳይ፣ ሌላው «ፎቶውን ገልብጠህ ነው የያዝከው» ሲል፣ እትዬ ደግሞ ሁለት ጣቶቻቸውን አንዱን ትልቅ ክንፍ አንዱን ትንሽ ክንፍ አድርገው በጠረጴዛው ላይ ሲያበሩ ትዝ ይለኛል። ለትልቁ ክንፍ አውራ ጣታቸውን ነበር የመደቡት።

በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ መሀል የተስማማንበት አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ የመጨረሻው። ትልልቅ ጎማዎች፣ መሀል ላይ መቀመጫ፣ ከመቀመጫው ኋላ ግራና ቀኝ የተዘረጉ የተቆለመሙ ብረቶች። ጋሼ «እነዚህ የክንፉ አጥንቶች ናቸው፤ ጨርቁ ገና አልለበሰም» ብለው አስረዱን። ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈም። እሱንም ባለቤቴ ተረጎመው፦ «ግልጽ ስለሆነ ነው ያልጻፈበት።» ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ላይብረሪ ገብቼ ፎቶዎቹን ስካን አደረግኳቸው። ኢንተርኔት ላይ የድሮ አውሮፕላን ፎቶ እያዩ ማንነቱን የሚለዩ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ገጽ አገኘሁ። እንግሊዞች ናቸው አብዛኞቹ። በአንድ የጎማ ሽቦ የሚጣሉ፣ ሲጣሉም «ውድ ወዳጄ» እየተባባሉ የሚጣሉ ሰዎች። ፎቶዎቹን ለጥፌ «እባካችሁ፣ ፌርፋክስ አቬኑ ላይ ሰላም ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩላቸው።

ሌሊቱን እኔ ስተኛ እነሱ ነቅተው ኖሯል። ጠዋት ስነሳ መልሱ ተደርድሯል። አብዛኛውን የጻፈችው አንዲት ሴትዮ ናት፤ በኋላ እንደነገረችን ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣ እንግሊዝ አገር ገጠር ውስጥ ከድመቷ ጋር የምትኖር። መጋረጃው የእውነት አውሮፕላን ነው አለች። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት አንድ ሰው፣ አንድ ሰፊ ክንፍ ከሚያነሳ ብዙ ጠባብ ጠባብ ክንፍ ቢደረደር ይሻላል ብሎ ሠራው፤ ከመሬት ብድግ ብሎ መልሶ ቁጭ አለ። ሰፌዱም አውሮፕላን ነው። እሱ እንዲያውም በደንብ በርሯል፤ ደጋግሞም ወድቋል፤ ነጂዎቹ ግን ተነስተው ልብሳቸውን አራግፈዋል ይባላል።

ስለ ኋሊቷ ግን አልነገረችንም። «ይቺን በደንብ አውቃታለሁ» ብላ ጻፈች፤ «ግን ሰላማችሁን መመለስ አልፈልግም። ክርክራችሁ ደስ ብሎኛል። ራሳችሁ ንገሩኝ፤ ፊቷ በየት በኩል ነው? ማስረጃም እፈልጋለሁ።»

ይሄን ለጋሼ ደውዬ ሳነብላቸው ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። ብድግ ብለው ነው።

«ማስረጃ አለች?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንሠራታለን!»

ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ባለቤቴ ኮሪያታውን ሄድን። ጋሼ በሩን ሲከፍቱልን ሸሚዛቸው ላይ ማስቲሽ ደርቋል። ሦስት ቀን ቤታቸው ውስጥ ፋብሪካ ከፍተው ነው የሰነበቱት። የማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፎም ቦርድ የሚባለው ቀላል ሰሌዳ፣ ፕላስተር፣ ስጋ የሚሰካባቸው የቀርከሃ ስንጥሮች፣ መቀስ፣ ላስቲክ ተዘርግቷል። ግድግዳው ላይ ፎቶውን አጉልተው አትመው ሰቅለውታል። ባለቤቴ ስንጥር ይቆርጣል፣ እኔ እይዛለሁ፣ ጋሼ ያጣብቃሉ። ጣታቸው ከክንፉ ጋር ሁለት ጊዜ ተጣበቀ። ሁለተኛው ላይ ባለቤቴ በሞቀ ውሃ እያላቀቃቸው «ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ እንዳይበሩብን» ሲላቸው እጃቸውን ከነክንፉ አንስተው ክፍሉን ዞሩ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ መሬት ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ እሁድ ምግብ ቤቱ ውስጥ መብላት አልቻልንም፤ ማን ይቀመጣል? እትዬ ምግቡን በሳጥን አስቋጥረው፣ ሱቁን ለልጃቸው ትተው አብረውን ወጡ። ከምግብ ቤቱ ብዙም የማይርቅ መናፈሻ አለ፤ ሰፊ ሣር ያለው። የቤተ ክርስቲያን ነጠላችንን እንኳ አላወለቅንም። እኔ ምግቡን፣ ባለቤቴ የኋሊቷን እንደ ታቦት ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ጋሼ ከፊት እየመሩ ሣሩን ስንሻገር የሚሮጡት ሰዎች ሩጫቸውን አቁመው አዩን።

መጀመሪያ የጋሼ ወገን ተሞከረ። ትልቁ ክንፍ ከፊት። ጋሼ ነጠላቸውን በትከሻቸው አጣፉና ወረወሯት። ቀና አለች፤ ሰማዩን አየች፤ ሐሳቧን ቀየረችና በጀርባዋ ወደቀች።

«ነፋሱ ነው» አሉ ጋሼ።

ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። እንደገና ወረወሯት። እንደገና በጀርባዋ።

«አሁን የኛ» አለ ባለቤቴ። ትንሹን ክንፍ ከፊት አድርጎ ወረወራት። ቀና አለች፤ ከጋሼ ውርወራ ትንሽ ራቅ ብላ እሷም ወደቀች። ጋሼ አጨበጨቡ። ክርክራችን ወደነበረበት ተመለሰ፤ የባሰውም አሁን ሁለቱም ወገን ተሸናፊ ነው።

ምግቡን ከፈትን። ሰው ሲያዝን ይበላል። እትዬ ለብቻው ያስቀመጡትን ስንግ ቃሪያ አወጡና አንዱን ለጋሼ ሲያቀብሏቸው ዓይናቸው የመናፈሻው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠችው የኋሊት ላይ አረፈ።

«ሰውዬው የታለ?» አሉ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ወንበር ሠርታችኋል። የሚቀመጥበት ሰውዬስ? ባዶዋን ነው እንዴ የምትወረውሯት? ሰው ክብደት የለውም?»

ጋሼ ቃሪያቸውን እንደያዙ ቀሩ። አፋቸው ተከፍቶ ነበር፤ ሊጎርሱ ነበርና። ከዚያ «የክብደት ማዕከል!» ብለው ጮኹ፤ ዛፉ ላይ የነበረው ርግብ ሁሉ ተነሳ። «የክብደት ማዕከል! አንቺ ልጅ፣ ላስቲክ አምጪ!»

ስንግ ቃሪያውን፣ ከነሽንኩርቱ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። በላስቲክ አሰርነው። አገንጥሉ፣ ያ አጭር ጭራው፣ ወደ ላይ ቆሞ ባርኔጣ ያደረገ ይመስላል። መጀመሪያ ጋሼ ለፍትሕ ሲሉ ወደ ራሳቸው ወገን አዙረው ወረወሯት፤ ቃሪያው ወደ ኋላ ከብዶ በቂጧ መሬት ተተከለች። ነጂውን ወደ ትልቁ ክንፍ ፊት እናዛውረው ስንል ደግሞ እዚያ ፕሮፔለሩ አለ፤ ይከትፈዋል። ጋሼ ራሳቸው ናቸው «እዚያ ሰው አይቀመጥም» ያሉት። ከዚያ አዞሯት። ትንሹ ክንፍ ከፊት፣ ቃሪያው ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ፣ ፕሮፔለሩ ከጀርባው።

ለቀቋት።

ሄደች። ዝም ብላ ሄደች። ቀና አላለችም፣ አልተደፋችም፤ ቀጥ ብላ፣ ከሣሩ በላይ በሰው ደረት ልክ፣ ጅራቷን ከፊት አስቀድማ ቃሪያዋን ይዛ ሄደች። ጋሼ ተከትለዋት ሮጡ። እኔ ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። እትዬ እልል አሉ፤ የእውነት እልልታ፣ የሠርግ ዓይነት። ባለቤቴ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ «ባክ አይደለም! ባክ አይደለም!» ይላል።

ከፊታችን አንድ ሰው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ሣር ላይ ተኝቶ ነበር። የኋሊት ዝቅ እያለች፣ ዝቅ እያለች ሄዳ ሆዱ ላይ አረፈች። በጣም በቀስታ። ሰውዬው ባርኔጣውን አንስቶ መጀመሪያ አውሮፕላኗን፣ ከዚያ ቃሪያውን፣ ከዚያ ነጠላ ለብሰው እያለከለኩ ከላዩ የቆሙትን ሽማግሌ አየ።

«ይሄ ያቃጥላል?» ብሎ ጠየቃቸው በእንግሊዝኛ፣ ወደ ነጂው እያመለከተ።

ጋሼ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ያንን ድሮ ኮሌጅ የተማሩትን ጨዋ እንግሊዝኛቸውን አውጥተው «ጌታዬ፣ እንደ ሁኔታው» አሉት። ሰውዬው አንድ ቃሪያ ተመርቆለት አብሮን በላ። ሁለተኛም ጠየቀ።

ቪዲዮውን እትዬ ቀርጸውት ነበር፤ ግማሹ ሰማይና የእትዬ ጣት ነው፤ ግን በረራው ይታያል። ለእንግሊዟ ሴትዮ ስልክላት ወዲያው በሚቀጥለው እሁድ በቪዲዮ እንገናኝ አለችን።

በዚያ እሁድ ስልኬን እትዬ ጠረጴዛ ላይ ከውሃ ማሰሮው ጋር አስደግፈን ተጠጋግተን ተቀመጥን። እኛ ጋ እኩለ ቀን፣ እሷ ጋ አምሽቷል። ነጭ ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የተቀደደ ሴትዮ ብቅ አለች። ከእጇ ሥር ድመቷ። ሰላምታ እንኳ አልጨረስንም፤ «ቃሪያው ደህና ነው?» አለችን።

«ተበልቷል» አልናት። እንዲህ የሚስቅ እንግሊዛዊ አይቼ አላውቅም።

የኋሊት በትክክል ፊቷ ትንሹ ክንፍ ያለበት ነው። የሠሯትም እዚያው እንግሊዝ አገር ነው፤ ስሟንም ታሪኳንም ነገረችን። ጋሼ እንደ ተማሪ እጃቸውን አንስተው ጠየቁ፦ «እሜቴ፣ ጅራትን ከፊት ለማድረግ እንዴት አሰቡ?»

«በዚያን ጊዜ አውሮፕላን ምን መምሰል እንዳለበት ማንም አያውቅማ» አለች። «ጅራቱ ከኋላ ይሁን ያለ የለም። ክንፉ ሁለት ይሁን ያለ የለም። አንዱ ክብ ይሠራል፣ አንዱ መጋረጃ ይሠራል። ሁሉም ጎረቤቱን እብድ ነው ይላል። ምን ዓይነት ጥሩ ጊዜ እንደነበር!»

ጋሼ ፊታቸው እንዴት እንደበራ። ከዚያ ሁለቱ ስለ ሚዛንና ስለ ነፋስ ጀመሩ፤ እኛን ረሱን። ፎቶዎቹን ኦሪጅናሉን ልላክልሽ ስላት ዓይኗ በእንባ ሞላ፤ የኋሊትን ከዚያ ወገን ያነሳ ፎቶ ዕድሜዋን ስትፈልግ አላገኘችም። በኋላ በጥሩ ካርቶን አሽገን ላክንላት። ጋሼና እሷ አሁንም በሳምንት አንድ ቀን ይደዋወላሉ። አፓርትማቸው ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው አውሮፕላን ብዛት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እንዲራመዱ አድርጓቸዋል፤ እሁድም ዝም ብለው አያውቁም። እትዬ እንዲያውም «አሁንስ በዛ» ይላሉ።

ጥሪውን ልንዘጋ ስንል ባለቤቴ «አንድ ቀረች እኮ» አለ። የመጨረሻዋ ፎቶ። ሁላችን የተስማማንባት። ገጹ ላይ ስለሷ ማንም ምንም አላለም ነበርና ካሜራው ፊት ያዝኩላት። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቺ ግልጽ ናት» አሉ፤ «ክንፏ ጨርቅ አልለበሰም። እኔ እንደምገምተው እነዚህ አጥንቶች በበረራ ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላሉ። እንደ ወፍ።»

ሴትዮዋ ወደ ስክሪኗ ተጠጋች። ድመቷን ከመንገድ አነሳቻት። ከንፈሯን ነከሰች።

«በጣም ነው የማዝነው» አለች። «ይሄ የድርቆሽ መገልበጫ ነው።»

«ምን?» አሉ ጋሼ።

«ድርቆሽ። ሣር። ፈረስ ይጎትተዋል። አባቴ አንድ ነበረው።»

ከዚያ እትዬ «የክንፉ አጥንት!» አሉና ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ ስልኩ ከማሰሮው ላይ ተንሸራትቶ ወጡ ውስጥ በግንባሩ ተደፋ። ከሽሮው ውስጥ የእንግሊዟ ሴትዮ ሳቅ ይሰማናል። ጋሼ «ከፍና ዝቅ ይላሉ ብያለሁ፤ ተሳስቻለሁ? ከፍና ዝቅ ይላሉ!» እያሉ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ።

እኔና ባለቤቴ በዚያ ሁኔታ ወደ መኪናችን ሄድን። ፌርፋክስ ላይ ነበር ያቆምነው። ገባን፤ ቀበቶ አሰርን፤ ሞተር አስነሳ። መሪውን ያዘና ፊቱን ወደኔ አዞረ፤ በጣም ኮስተር ብሎ «ግልጽ ስለሆነ ነው ያልጻፈበት» አለኝ።

አለቅን። ሞተሩን አጠፋው። መሪው ላይ ተደፋ። እኔ ጎኔን ይዤ መተንፈስ አቃተኝ። ዝም ስንል አንዳችን «ድርቆሽ» እንልና እንደገና ይጀምረናል። እንዲህ አብረን የሳቅንበትን ቀን ለማስታወስ ሞክሬ አልመጣልኝም። ቀኑ ብሩህ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሰው በእግረኛው መንገድ ያልፋል።

ከጎናችን አንድ መኪና ቆሞ ጥሩምባውን ነፋ። መኪና ማቆሚያ የሚፈልግ ሰው ነው፤ መብራቱን እያብለጨለጨ ብዙ ጠብቆን ኖሯል። ባለቤቴ ቀና ብሎ ዓይኑን አበሰ።

«እየወጣችሁ ነው?» አለን ሰውዬው።

«አይ» አለው ባለቤቴ፤ «እየሳቅን ነው።»

ሰውዬው ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። ራሱን ነቀነቀና ማርሽ አስገባ። «ኦኬ» አለን፤ «እንዳትቸኩሉ።»